የተራራ ብስክሌት ውድድር ለጀማሪዎች፦ ስለ ልምምድና ስለ አመጋገብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የተራራ ብስክሌት መንዳት ጀምረው፣ አሁን ደግሞ የመጀመሪያ ውድድራቸውን ለማድረግ የተነሣሡ ሰዎች በብዛት የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው የሚመለሱት ወደ ሁለት ነገሮች ነው፤ ቀላሉ ልምምድ በእውነት ቀላል እንዲሆን፣ ምግቡም በእውነት በቂ እንዲሆን። ጀማሪዎች ደክመው የሚያቋርጡት በእነዚህ ሁለት ጉድለቶች እንጂ በእግራቸው ስንፍና እንዳልሆነ በጽኑ እናምናለን።

ክሮስ ካንትሪ የሚባለው ውድድር ምን ዓይነት ነው?

ተወዳዳሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሥተው ዳገት፣ ቁልቁለት፣ የዛፍ ሥር፣ ድንጋይና ጭቃ ያለበትን አንድ የተወሰነ መንገድ ደጋግመው የሚዞሩበት ውድድር ነው። በከፍተኛ ደረጃ አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ውድድሩ ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከኦሊምፒክ ስፖርቶች አንዱ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ነው። ለጀማሪዎች የሚዘጋጁት ውድድሮች ግን ዙራቸው ያነሰ፣ ጊዜያቸውም ያጠረ ነው።

ከጎዳና ውድድር የሚለየው፣ ከሌላ ሰው ጀርባ ተጠግቶ ነፋስ እየተከለሉ ጉልበት የመቆጠብ ዕድሉ እጅግ ጠባብ መሆኑ ነው። አንድ ብስክሌት ብቻ በሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ላይ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይታገላል። በዳገቱ ላይ ልብ ወደ መጨረሻው አቅሙ ይጠጋል፤ በቁልቁለቱ እግር ሲያርፍ ክንድ፣ ወገብና ዓይን ሥራ ይይዛሉ። ስለዚህ ዝግጅቱ ረጅም ትንፋሽን፣ ደጋግሞ መፍጠን መቻልንና የአነዳድ ችሎታን በአንድነት የሚጠይቅ ነው።

ሯጭ ነበርኩ፤ ልምዴ ይጠቅመኛል?

በእጅጉ ይጠቅማል። በሩጫ የዳበረ ልብና ሳንባ በብስክሌት ላይም ያገለግላል። ሆኖም ፔዳል የሚገፋው በዋናነት የፊት ጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ስለሆነ፣ ትንፋሹ ሳያልቅበት እግሩ የሚቃጠልበት ሯጭ ብዙ ነው። ይህ በስድስትና በስምንት ሳምንት መደበኛ ልምምድ የሚስተካከል ነው። ከጎዳና ብስክሌት የሚመጣ ሰው በአንጻሩ እግሩ ዝግጁ ሆኖ በቁልቁለቱ ላይ ይቸገራል። የጎዳናው ብስክሌት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል፤ ፅጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቅቷል። ይህን ያህል አቅም ባለበት አገር በተራራው ዘርፍም ብዙ ሰው ማየት እንመኛለን።

ለመጀመሪያ ውድድር ምን ያህል ጊዜ መዘጋጀት አለብኝ?

ጤናማ ሆኖ አልፎ አልፎ ብስክሌት ለሚነዳ ሰው 12 ሳምንት በቂ ነው። በሳምንት አራት ቀን፣ በድምሩ ከ5 እስከ 6 ሰዓት መንዳት ከሥራና ከቤተሰብ ኃላፊነት ጋር ሊጣጣም ይችላል። ለምሳሌ ማክሰኞ (ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ) ጠንካራ ልምምድ፣ ሐሙስ ቀለል ያለ ጉዞ ከአነዳድ ልምምድ ጋር፣ ቅዳሜ ረጅም ጉዞ፣ እሑድ ደግሞ ከ45 ደቂቃ የማይበልጥ ዘና ያለ ጉዞ ማድረግ ይቻላል። ረጅሙን ጉዞ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምረው በየሳምንቱ በጥቂቱ እያሳደጉ ወደ 2 ሰዓት ተኩል ያድርሱት። ሦስት ሳምንት ከጨመሩ በኋላ አራተኛውን ሳምንት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሱት፤ ሰውነት የሚጠነክረው በሚያርፍበት ጊዜ ስለሆነ ይህን ሳምንት እንደ ባከነ ጊዜ አይቁጠሩት።

ዕድሜዎ ከ35 በላይ ከሆነና ለዓመታት እንቅስቃሴ ካላደረጉ፣ ወይም የልብ ሕመም በቤተሰብዎ ውስጥ ካለ፣ ጠንካራ ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

«ቀላል ልምምድ» ሲባል ምን ያህል ቀላል ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ መልሱን እናረዝመዋለን። ቀላል ማለት ከአጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ፣ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ መጓዝ የሚችሉበት ፍጥነት ነው። የልብ ምት መለኪያ ካለዎት ከከፍተኛው ምትዎ በግምት ከ60 እስከ 75 በመቶ ያለው ክልል ነው። ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ከፍተኛውን ምት የማስላት ልማድ ከአሥር ምት በላይ ሊሳሳት ስለሚችል፣ የንግግሩን ፈተና ይበልጥ እንመክራለን።

ችግሩ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሜዳ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ቢወጡ ወይም ከሱሉልታ ወደ ገጠሩ ቢያቀኑ ዳገቱ ሳይፈልጉት ወደ ከባድ ጥረት ያስገባዎታል። በዚህ ጊዜ የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ አስገብተው በዝግታ ይውጡ፤ ማርሹም ካልበቃ ወርደው እየገፉ ይሂዱ። ለልምምዱ ዓላማ ሲባል ወርዶ መግፋት ምንም ነውር የለበትም፤ በውድድርም ቢሆን ታላላቆቹ ሳይቀሩ ብስክሌታቸውን ተሸክመው የሚሮጡበት ጊዜ አለ።

ቀላሉ ጉዞ የሚሠራው ሥራ ከውጭ አይታይም። በጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ በኦክስጅን ኃይል የሚያመርቱት የሴል ክፍሎችም ይጨምራሉ፤ ሰውነት ስብን ለማገዶነት መጠቀምን ስለሚለምድ ውስን የሆነው የስኳር ክምችት ለዳገቱ ይቆጠባል። ሁልጊዜ በመካከለኛ ድካም የሚነዳ ሰው ግን ለማገገም የሚከብድ፣ ለመፍጠን ደግሞ የማይበቃ ልምምድ እየደጋገመ ይቆያል፤ ከሁለት ወር በኋላም እግሩ ከብዶት «ለምን አልተሻሻልኩም?» ብሎ ይጠይቃል። ከሚነዱበት ጊዜ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ቀላል ይሁን።

ጠንካራው ልምምድስ እንዴት ይደረጋል?

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ያለ ጠንካራ ልምምድ ያሳልፉ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዘጠነኛው በኋላ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይበቃል። መነሻ የሚሆነው ልምምድ ይህ ነው፦ 20 ደቂቃ ካሟሟቁ በኋላ ወጥ በሆነ ዳገት ላይ 4 ደቂቃ ጠንክረው ይውጡ፣ 3 ደቂቃ በዝግታ ይውረዱ፣ ይህንንም አራት ጊዜ ይድገሙት። ጥንካሬው ሁለት ሦስት ቃል ብቻ መናገር የሚያስችል፣ ሆኖም አራተኛው ዳገት ከመጀመሪያው የማያንስ መሆን አለበት። ሦስተኛው ላይ ፍጥነትዎ በግልጽ ከወደቀ ልምምዱን አቁመው ወደ ቤት ይመለሱ፤ ወይ ሲነሡ ከልክ በላይ ፈጥነዋል፣ ወይ ካለፈው ድካም አላገገሙም።

ውድድሩ ሲቃረብ 30 ሰከንድ ጠንክሮ 30 ሰከንድ ማረፍን ለስምንትና ለአሥር ደቂቃ መደጋገም፣ እንዲሁም ከቆመበት ተነሥቶ ለ15 ሰከንድ በሙሉ ኃይል መፍጠንን መለማመድ ይጠቅማል። የውድድሩን መነሻ የሚመስለው ይኸኛው ነው።

እንጦጦ ላይ መለማመድ ከፍታው ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?

ሁለቱንም ያደርጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በዚህ ከፍታ የኖረ ሰው ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ያደገ ቢሆንም፣ በጠንካራው ልምምድ ላይ እግሩ ሊገፋ የሚችለውን ያህል መግፋት አይችልም። ሯጮቻችን ለረጅሙ ልምምድ እንጦጦንና ሱሉልታን፣ ለፈጣኑ ደግሞ ዝቅ ያለውን የአቃቂን አካባቢ የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ብስክሌተኛውም ቢከተላቸው መልካም ነው።

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከሌላ ዝቅተኛ ቦታ ለእረፍት የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በቀላል ጉዞ ብቻ ያሳልፍ፤ በሚገባ ለመላመድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያስፈልጋል። የደጋው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ በመሆኑ ላብ ሳይታይ በትንፋሽ ብዙ ውኃ ይወጣል፤ ፀሐዩም ከሚሰማው ቅዝቃዜ በላይ ቆዳን ያቃጥላል።

ቁልቁለት እፈራለሁ፤ ምን ላድርግ?

ፍርሃቱ ጤናማ ነው፤ የሚቀንሰውም በድፍረት ሳይሆን በድግግሞሽ ነው። 200 ሜትር ያህል የሆነ ቁልቁለት ይምረጡ፤ መጀመሪያ በእግርዎ ይውረዱትና ሥሩን፣ ድንጋዩንና መውጫውን ይመልከቱ፤ ከዚያም በዝግታ ደጋግመው ይንዱት። በእንጦጦ ጫካ ውስጥ በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባው የባሕር ዛፉ ነው። ረጃጅሙ የደረቀ ቅርፊትና ቅጠል መንገዱን ሸፍኖ ሥሩን ይደብቃል፤ ትንንሾቹ ጠንካራ ፍሬዎች ደግሞ በጎማ ሥር ይንከባለላሉ። እንዲህ ባለው ቦታ የፊት ፍሬን በድንገት መያዝ ጎማውን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ከመድረስዎ በፊት፣ አፈሩ ባዶ በሆነበት ላይ ፍጥነትዎን ጨርሰው ይቀንሱ፤ ቅጠሉን ግን ፍሬን ሳይዙ፣ መሪውን ሳያጣምሙ፣ ቀጥ ብለው ይለፉት።

አቋምን በተመለከተ፣ ከኮርቻው ተነሥተው ሁለቱን ፔዳሎች አግድም እኩል ያድርጉ፤ ክርንና ጉልበትዎን አጠፍ አጠፍ ያድርጉ፤ ዳሌዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ዓይንዎ ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን ሊደርሱበት ከሚፈልጉት ቦታ ላይ ይሁን። ፍሬኑን በአንድ ጣት፣ ሁለቱንም አጣምረው፣ ከመታጠፊያው በፊት ይያዙ። በደረቅ መሬት ላይ ብስክሌቱን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ነው።

እነዚህ መንገዶች የእኛ ብቻ አይደሉም። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና ጭነት የጫኑ አህዮች የሚሄዱባቸው ናቸው። ከባድ ሸክም ያጎነበሰው ሰው ቀና ብሎ ማየትም ሆነ ፈጥኖ መሸሽ አይችልም። ከሩቅ ድምፅ ይስጡ፤ ሲቃረቡ ቆመው ያሳልፏቸው።

ምን ዓይነት ብስክሌት ያስፈልገኛል?

የፊት ሹካው ብቻ ንዝረት የሚቀንስ፣ ፍሬኑ የሚይዝና ማርሹ ሳይዘል የሚገባ ማንኛውም ጤናማ የተራራ ብስክሌት ለመጀመሪያው ውድድር ይበቃል። የራስ ቁር የግድ ነው። ገንዘብ ካለዎት መጀመሪያ ጥሩ ጎማ ላይ ያውሉት። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ክብደቱ ከ60 እስከ 75 ኪሎ ለሚሆን ሰው ከ25 እስከ 32 ፒ.ኤስ.አይ. (በነፋስ መሙያው ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) ነፋስ ይያዝ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በድንጋይ ላይ ይነጥራል፣ በጣም ካነሰ ደግሞ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል። ጎሚስታ ቤት እንደ መኪና ጎማ አጠንክረው ከሞሉልዎት ከመንዳትዎ በፊት ያስተንፍሱት።

በየዕለቱ ምን ያህል መብላት አለብኝ?

ብዙ ጀማሪዎች ከሚያስቡት በላይ። ለአንድ ሰዓት ያህል በሚለማመዱበት ቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትዎ ከ5 እስከ 7 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግዎታል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ300 እስከ 420 ግራም ነው። በሚያርፉበት ቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። እንጀራ እጅግ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክብደቱ ውኃ ስለሆነ ሆድ ሞላ ማለት የኃይል ክምችቱ ሞላ ማለት አይደለም። ስለዚህ ከረጅሙ ጉዞ በፊት ባለው ምሽትና ከጉዞው በኋላ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ዳቦ ወይም ገንፎ መጨመር ተገቢ ነው።

ፕሮቲን ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.8 ግራም ይሁን። ይህንንም በአንድ ማዕድ ከመከመር ይልቅ በሦስትና በአራት ጊዜ ማከፋፈል ይሻላል። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም፣ አንድ ስኒ የተቀቀለ ምስር ደግሞ ወደ 18 ግራም ይሰጣል። ሽሮ፣ ክክ፣ አይብ፣ ወተትና ሥጋም ሁሉም ያገለግላሉ። ከውጭ በውድ የሚመጣ የፕሮቲን ዱቄት ለጀማሪ አስፈላጊ ነው ብለን አናምንም፤ ያ ገንዘብ ለምስርና ለእንቁላል ቢውል በብዙ እጥፍ ይጠቅማል።

ክብደት ብቀንስ ዳገት ይቀለኛል ይባላል። ምግብ ልቀንስ?

ለውድድር በሚዘጋጁበት ጊዜ አይቀንሱ። ከሚያወጡት ኃይል በታች ለረጅም ጊዜ የሚበሉ ስፖርተኞች አጥንታቸው ይሳሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው ይደክማል፣ ልምምዳቸውም ፍሬ አይሰጥም። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ጉዳት በወንዶችም በሴቶችም ላይ የሚደርስ ችግር አድርጎ አስቀምጦታል። ሴት ስፖርተኞች የወር አበባቸው ቢዛባ ወይም ቢቀር የልምምድ ድካም ነው ብለው ሊያልፉት አይገባም፤ በቂ ምግብ እንዳላገኙ ከሚያሳዩ ምልክቶች ዋናው ስለሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው።

በጾም ወቅት እንዴት ልለማመድ?

የጾም ምግብ በራሱ ለስፖርተኛ እንቅፋት አይደለም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ተልባና ኑግ በአግባቡ ከተበሉ ፕሮቲኑም ስቡም ይገኛል። አስቸጋሪው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ቀላሉን ጉዞ ጠዋት ቢያደርግ፣ ርዝመቱን ግን ከአንድ ሰዓት ባያሳልፈው ይሻላል። ጠንካራውን ልምምድ ከበላ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ያድርገው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ልምምዱን መያዝ እንጂ ማሳደግ ዓላማ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ዋናውን ዝግጅት ከፋሲካ በኋላ መጀመር ይቻላል። ውድድር በጾም ውስጥ ከዋለብዎት ወይም ሕመም ካለብዎት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ።

በረመዳን ቀላሉ ጉዞ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ቢሆን ወዲያው ለመጠጣትና ለመብላት ያመቻል፤ ጠንካራው ካፈጠሩ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይደረግ። ውኃ ሳይጠጡ በቀትር ፀሐይ ረጅም ጉዞ ማድረግ ግን አደገኛ ስለሆነ መተው አለበት። የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ ለረጅም ጊዜ የማይመገቡ ሰዎች ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ስለማይገኝ በደም ምርመራ መጠኑን ቢያረጋግጡ መልካም ነው።

ጤፍ ስለምበላ የብረት እጥረት አያሰጋኝም?

ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ያግዳል። የሊጡ መቡካት ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ መብላትም ያግዛል። ቡናና ሻይ በአንጻሩ መጠጣት ያለባቸው ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ከማዕድ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያስቀራሉ። ያለ ምክንያት የሚደክሙ ከሆነ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ) ይመርመሩ። ሳይመረመሩ የብረት ክኒን መውሰድ ግን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

በልምምድና በውድድር ላይ ምን ልጠጣ፣ ምን ልብላ?

ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ ቀላል ጉዞ ውኃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆነና ለውድድር ደግሞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። መጠጡን በቤትዎ ማዘጋጀት ይችላሉ፦ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምረው ጨው እስኪሟሟ ያማስሉት። ይህ 60 ግራም ያህል ስኳርና በላብ የሚወጣውን ሶዲየም በከፊል የሚተካ ጨው ይዟል፤ በሱቅ ከሚሸጠው የስፖርት መጠጥ ጋር በይዘቱ እምብዛም አይለያይም። ለሆድዎ ከከበደ ስኳሩን ይቀንሱት።

በረጅሙ ቀላል ጉዞ ላይ በሶ የሚተካከለው የለም። የተቆላውን የገብስ ዱቄት በትንሽ ውኃና በማር፣ ጨው ነስንሰው ያሹት፤ የለውዝ ፍሬ ቢጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ በእጅዎ መዳፍ ጨብጠው ሞላላ ካደረጉት በኋላ በላስቲክ ጠቅልለው ከኋላ ኪስዎ ይክተቱት። በየ40 ደቂቃው አንዱን ከውኃ ጋር ይብሉ። በውድድር ፍጥነት ላይ ግን ቃጫው ስለሚበዛ ሆድ ይይዛል፤ በዚያ ጊዜ መጠጡ፣ ሙዝ ወይም ተምር ይሻላል።

መጠጣት ያለብዎት ዳገቱ ሲያልቅ ወይም መንገዱ ለጥ ባለበት ነው። በይፋዊ ውድድሮች ከሌላ ሰው እጅ መጠጥ መቀበል የሚፈቀደው በተወሰነው ስፍራ ብቻ መሆኑንም አይርሱ። በልምምድ ያልሞከሩትን ምግብ በውድድር ቀን አይሞክሩት።

በውድድሩ ጠዋት ቁርሴ ምን ይሁን?

ውድድሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ 12 ሰዓት ላይ ይብሉ። ሦስት ቁራሽ ዳቦ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ማርና አንድ ሙዝ 100 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣሉ። ቅቤና በርበሬ የበዛበት ፍርፍር ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ከአንድ ቀን በፊትም ጥሬ ሥጋ አይብሉ። ቡና ከለመዱ አንድ ሲኒ ከመነሻው አንድ ሰዓት አስቀድመው ይጠጡ፤ ካፌይን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከተከለከሉት ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ወጥቷል፣ ንቃትንም ይጨምራል። ምንነታቸው በውል ያልታወቁ ክኒኖችና ዱቄቶች ግን የተከለከለ ነገር ተቀላቅሎባቸው ሊገኝ ስለሚችል አይንኳቸው።

በመጨረሻው ሳምንትና በመነሻው ላይ ምን ላድርግ?

የሚነዱበትን ጊዜ በግማሽ ይቀንሱ፤ ሁለት ሦስት አጫጭር ፈጣን ሙከራዎችን ግን አይተዉ። ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን መንገዱን ቢያንስ ሁለት ጊዜ በዝግታ ይዙሩት፤ ማርሽ የሚቀይሩበትን፣ የሚጠጡበትንና አስፈላጊ ከሆነ ወርደው የሚሮጡበትን ቦታ አስቀድመው ይወስኑ።

በዕለቱ 20 ደቂቃ ያሟሙቁ። ደወሉ ሲሰማ ሁሉም ወደ ቀጭኑ መንገድ ቀድሞ ለመግባት ይሽቀዳደማል። ጀማሪ ተወዳዳሪ ከመካከል ተሰልፎ፣ ለመጀመሪያው ደቂቃ ጠንክሮ፣ ከዚያ ትንፋሹን ቢሰበስብ ይሻላል። በመጀመሪያው ዳገት ላይ የሚያልፉዎት ሰዎች ካሉ ይለፉ፤ በሁለተኛው ዙር ብዙዎቹን ያገኟቸዋል። በዓለም አቀፍ ውድድሮች ከመሪው ጋር ያለው ልዩነት የአንድ ዙር ጊዜ 80 በመቶ ሲደርስ ተወዳዳሪው ከመንገዱ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ቢደርስብዎት የሕግ ጉዳይ እንጂ ውርደት አይደለም።

ጎማዬ በውድድሩ መሀል ቢበሳ አለቀልኝ ማለት ነው?

አይደለም። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ የፊት ጎማው ተበስቶበት፣ ጎማ ቀይሮና በርካታ ሰከንዶች ወደ ኋላ ቀርቶ፣ በመጨረሻ ወርቁን ወስዷል። እርስዎ ግን ጎማ የሚያቀብልዎት ቡድን ስለማይኖርዎት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ሁለት ጎማ ማውለቂያና ትንሽ ነፋስ መሙያ ይያዙ፤ መቀየሩንም በቤትዎ፣ እጅዎ ጭቃ ሆኖ ጭምር፣ ይለማመዱት። በክረምት የደጋው ጭቃ ጎማና ካቴና ላይ ተለጥፎ ማርሹን ስለሚያስቆም፣ በየዙሩ በዱላ ጠረግ ማድረግ ከሚወስደው ጊዜ የሚያተርፈው ይበልጣል።

ከውድድሩ በኋላ መቼ ወደ ልምምድ ልመለስ?

እንደጨረሱ ለአሥር ደቂቃ በዝግታ ይንዱ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ያለው ሙሉ ምግብ ይብሉ፤ ለምሳሌ ሁለት እንቁላል በዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ከእግር ጉዞ ያላለፈ እንቅስቃሴ ይበቃል፤ ጠንካራ ልምምድ ከአምስትና ከስድስት ቀን በኋላ ይጀምሩ። ጠዋት ሲነሡ የልብ ምትዎ ከወትሮው በግልጽ ከፍ ያለ ከሆነ አንድ ቀን ይጨምሩ። ወድቀው ራስዎን ከመቱ፣ ባይደሙም እንኳ፣ በዚያው ቀን ብስክሌቱ ላይ ተመልሰው አይውጡ፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ማዞር ወይም ግራ መጋባት ከተከተለ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። በልምምድ ላይ ደረት የሚያምዎት ወይም ራስዎን የሚስቱ ከሆነም እንደዚሁ ያድርጉ።